የተመልካች ክብደት

በፊዚክስ ትምህርት ክፍሉ አንድ የማይነካ ሕግ አለ፤ አማካሪው በዓይኑ ያላየው የሙከራ ውጤት ውጤት አይባልም። ከዓመታት በፊት አንድ ብልጣ ብልጥ ተማሪ ቤቱ ተቀምጦ የፈበረከውን ቁጥር አስረክቦ፣ ተመርቆ፣ ተጨብጭቦለት ከሄደ በኋላ ጉዱ ወጣ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና ከዚያ ወዲህ የዶክትሬት ተማሪ ሙከራውን ሲጨርስ አማካሪው ቤተ ሙከራ ድረስ ወርዶ፣ ቆሞ፣ አይቶ፣ «በዓይኔ አይቻለሁ» ከሚል ዓረፍተ ነገር ሥር ይፈርማል። ካልፈረመ የተማሪውን ልፋት ውኃ በላው ማለት ነው።

ጭምቷ ይህን ሕግ መጀመሪያ ስትሰማ ደስ ብሏት ነበር። የምትደብቀው የላትም፤ እንዲያውም ከጓደኞቿ ሁሉ የሚታይ ነገር ያላት እሷ ነበረች። ጭምቷ የሚለውን ቅጽል ያወጡላት ስብሰባ ላይ ሐሳቧን ስትጠየቅ «እኔም እንደተባለው ነው» ብላ ስለምትቀመጥ ነው። ምንም ባይባልም እንደተባለው ነው ትላለች።

ሙከራዋ ያለው ምድር ቤት፣ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ፣ አራት ሰው በማይነቀንቀው ከባድ ጠረጴዛ ላይ ነው። ከአንዱ ጥግ ቀጭን የሌዘር ብርሃን ይነሣል። ብርሃኑ እንዲደክም ተደርጎ፣ ደክሞ ደክሞ፣ መጨረሻ ላይ ፎቶን የሚባሉት የብርሃን ቅንጣቶች አንድ በአንድ ብቻ ያልፋሉ። ቅንጣቷን ሁለት መንገድ ይጠብቃታል፤ በግራ የሚወስድና በቀኝ የሚወስድ። ሁለቱም በመስታወት እየታጠፉ ሄደው ካሜራው ፊት ይገናኛሉ። እያንዳንዷ ቅንጣት ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ነጥብ ጥላ ትጠፋለች። ነጥቦቹ መጀመሪያ እንደ ተበተነ ሰሊጥ ወግ የላቸውም። ጥቂት ቆይተው ግን መስመር ይይዛሉ፤ ብሩህ፣ ጨለማ፣ ብሩህ፣ ጨለማ። አሮጌ ነጥቦች እየተሰረዙ አዳዲስ ይተካሉ፣ መስመሮቹ ግን እዚያው ናቸው። ይህ የሚሆነው እያንዳንዷ ቅንጣት ብቻዋን ሆና በሁለቱም መንገድ የሄደች ያህል ስትሆን ነው። መንገዷ ላይ «በየት በኩል ነሽ?» ብሎ የሚጠይቃት መሣሪያ ከተተከለ ግን እንደ ማንኛውም ጨዋ መንገደኛ በአንዱ ብቻ ትሄዳለች፤ መስመሮቹም ይጠፋሉ።

ታዲያ ጠያቂው ማን ነው? ይህ ነገር ሊቃውንቱን መቶ ዓመት ያህል ሲያነታርክ ኖሯል። መሣሪያ ነው የሚሉ አሉ፤ አይ፣ መሣሪያውን የሚያየው ሰው ነው የሚሉ አሉ፤ ጥያቄው ራሱ ሥራ ፈትነት ነው የሚሉም አሉ፣ እነዚህኞቹ ብዙውን ጊዜ ቶሎ ይሾማሉ። በዚህ ትምህርት ክፍል ግን ነገሩ በአንድ ከሰዓት በኋላ ተፈታ። የፈቱት የጭምቷ አማካሪ ናቸው።

ፕሮፌሰሩን ተማሪዎቹ በሌሉበት «ነጎድጓዱ» ይሏቸዋል። ሲያስተምሩ ድምፃቸው እስከ ግቢው በር ድረስ ይሰማል፤ ያረፈደ ተማሪ ምዕራፍ ስንት ላይ እንደደረሱ አጥሩ ጋ ቆሞ ያውቃል። ክፉ ሰው አይደሉም። ተማሪ ታመመ ሲባል ሆስፒታል ድረስ ሄደው ይጠይቃሉ፤ ያን ዕለት በሽተኛው ብቻ ሳይሆን ክፍሉ በሙሉ፣ ከኮሪደር ማዶ ያሉት ጭምር፣ ይጠየቃሉ። ብቻ ዝም ብለው አያውቁም። ነገር ሲያዩ ያወራሉ፣ ሲያወሩ ደግሞ የሚያዩ ይመስላቸዋል።

የመጀመሪያው ቀን «እስቲ የታል ያ መስመርሽ!» እያሉ ገቡ። ጭምቷ ከመጀመሪያው እንዲያዩት ብላ ስክሪኑን አጽድታ አስጀመረችው። ነጥቦቹ መውደቅ ጀመሩ። ፕሮፌሰሩ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ዓይናቸውን ስክሪኑ ላይ ተክለው፣ ወጣት ሳሉ እንዲህ ያለ ካሜራ እንዳልነበረ፣ በፎቶግራፍ ፊልም ሲሠሩ እንዴት እንደተቃጠሉ፣ የዛሬ ልጆች ሁሉ ነገር ተጎርሶ እንደሚሰጣቸው አወሩ። ነጥቦቹ በዙ፤ መስመር ግን የለም። ወጥ የሆነ ድብዝዝ ብርሃን ብቻ።

«ምንም የለም!» አሉ።

«ጠዋት ነበረ፣ ፕሮፌሰር።»

«ጠዋትማ እኔም ወጣት ነበርኩ!»

እሳቸው ከወጡ በኋላ መስመሮቹ ቀስ ብለው መጡና ቁጭ አሉ። ሌላ ቀን ጠራቻቸው፣ እንደዚያው ሆነ። ደግማ ጠራቻቸው፣ ያው ሆነ። በመጨረሻ ፕሮፌሰሩ ከመነጽራቸው በላይ አዩዋትና «ልጄ፣ ተፈጥሮ አትዋሽም። የሚዋሽ ተማሪ ነው» ብለው ወጡ። ጭምቷ መጸዳጃ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፍታ አለቀሰች። የትምህርት ዘመኑ ሲያበቃ የጥናት ጊዜዋ አብሮ ያበቃል፤ እዚያው እንድታስተምር የተያዘላት ቦታም ለሌላ ይሰጣል። ፊርማው ካልመጣ ወጣትነቷን ያጠፋችበት ነገር ሁሉ አንዲት ሴት ብቻዋን ምድር ቤት ያየችው ሕልም ሆኖ ይቀራል።

ታላቅ እህቷ የሴቶች ፀጉር ቤት አላት፤ ጭምቷ የምትኖረው እሷ ጋ ነው። ያን ማታ ነገሩን ስትሰማ እህቷ ማበጠሪያዋን እንደያዘች ዞረች።

«እና ነገርዬው ሲታይ ይጠፋል?»

«እሳቸው ሲያዩት ብቻ ነው የሚጠፋው፣ እትዬ።»

«የኔም ባል እንደዚያው ነበር፤ ሰው ፊት ሌላ፣ ቤት ሌላ። ተይው፣ ይኼ ዕቃ አመል አለው።»

አንድ ሳምንት ያህል ቆይቶ ፕሮፌሰሩ ሳይጠሩ ወደ ምድር ቤት ወረዱ። ፊታቸው በርቷል።

«ልጄ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» አሉ። ጭምቷ ደነገጠች። ከእሳቸው አፍ ይህ ቃል ሲወጣ ሰምታ አታውቅም። «አንቺ አልዋሸሽም። መስመሮቹ አሉ። የማጠፋቸው እኔ ነኝ።»

«እርስዎ?»

«እኔ! የእኔ መመልከት! ተመልካች ሁሉ እኩል ነው ያለው ማነው? ሰው በቁመት ይለያያል፣ በጉልበት ይለያያል፣ ታዲያ በመመልከት ለምን አይለያይም? ክብደት ያለው አእምሮ አለ፣ ክብደት የሌለው አለ። አንቺ ቀኑን ሙሉ ታፈጪበታለሽ፣ ቅንጣቷ ምንም አይመስላትም። እኔ ገና ከበሩ ስገባ ትሸበራለች!»

ጭምቷ ይህን ምስጋና ትበለው ስድብ አላወቀችም። መጽሐፉ «መመልከት» ሲል ቅንጣቷን መንገድ ላይ መያዝ ማለቱ እንደሆነ፣ ከመጣች በኋላ ስክሪን ላይ ማፍጠጥ እንዳልሆነ ግን አሳምራ ታውቃለች። ይህን ደግሞ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው።

«ግን ፕሮፌሰር፣ መጽሐፉ...»

«መጽሐፉን የጻፉት ቀላል ተመልካቾች ናቸው!»

ሰውየው የዋዛ ሳይንቲስት አይደሉምና ሐሳባቸውን በሙከራ ፈተሹት። መጀመሪያ ጸሐፊያቸውን ላኩ። እሳቸው ነገሩን እንዳይበክሉት ኮሪደር ቀሩ፤ በሩ ላይ ጆሯቸውን ለጥፈው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው። ጸሐፊዋ የተባለችውን ያህል ጊዜ አፍጥጣ ቆመች፤ መስመሮቹ ንቅንቅ አላሉም። ቀጥሎ የበሩን ጥበቃ ላኩ። ጥበቃው መሣሪያው ይፈነዳል ብሎ ስለፈራ እስትንፋሱ እንኳ አልተሰማም፤ መስመሮቹ እንዳሉ። ከዚያ ዲኑን ለመኑ። ዲኑ በማንኛውም ነገር ላይ አስተያየት ባለመስጠት እዚህ ደረጃ የደረሱ ሰው ናቸውና አይተው፣ ራሳቸውን ነቅንቀው ወጡ። መስመሮቹ ከድሮው ይበልጥ አምረው ነበር።

«የዲኑን እንኳ ጠብቄው ነበር» አሉ ፕሮፌሰሩ። ከዚያ እጅጌያቸውን ሰብስበው ገቡና «አሁን ተመልከቱ!» ብለው አንባረቁ። መስመሮቹ ጠፉ። ጸሐፊዋ አጨበጨበች።

ጭምቷ እውነቱን ያገኘችው በአንድ ተራ ቀን ነው። ብቻዋን ተቀምጣ መስመሮቹ ጥርት ብለው ሲወጡ ታያለች። ፕሮፌሰሩ አልወረዱም፤ ደረጃው ላይ ቆመው የፎቶ ኮፒ ሠራተኛውን ስለተጣበቀ ወረቀት ይገሥጹታል። መስመሮቹ ደበዘዙ። ግሣጼው አለቀ፤ መስመሮቹ ተመለሱ። ፕሮፌሰሩ የረሱት ስድብ ትዝ ብሏቸው መለስ አሉ፤ መስመሮቹም መለስ ብለው ደበዘዙ። ጭምቷ ከወንበሯ ተነሣች።

የላብራቶሪው ቴክኒሻን ጡረታ ሊወጣ የተቃረበ፣ ሰው በመቅዳት ሕንፃውን ሁሉ የሚያስቅ ሰው ነው። ሄዳ ጎትታ አመጣችው።

«ጋሼ፣ በሞቴ እንደ ፕሮፌሰር ተናገርልኝ።»

«እዚህ? ሰው ቢሰማስ?» በሩን ዘጋ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሆዱን ነፋ። «ልጄ! ተፈጥሮ አትዋሽም! የሚዋሽ ተማሪ ነው!»

መስመሮቹ ውኃ እንደገባ ጨው ሟሙ። በራሱ ድምፅ እንዲያወራ ነገረችው፤ ምንም አልሆኑም። ዘፈነ፤ ምንም። እንደገና ነጎድጓዱን ሆነ፤ ጠፉ። ጭምቷ ጣቷን በቀኙ መንገድ ላይ ባለው መስታወት እግር ላይ አሳረፈች። እግሩ ረጅምና ቀጭን ነው፤ ያንን ወፍራም ድምፅ ሲሰማ እንደተመታ ብርጭቆ ይነዝራል። መስታወቱ ከተንቀጠቀጠ የመንገዱ ርዝመት ይዋዥቃል፣ ርዝመቱ ከዋዠቀ መስመሮቹ እርስ በርስ ይደበላለቃሉ። ምሥጢሩ ይኼው ነው። የፕሮፌሰሩ አእምሮ የትም አልደረሰ፤ የደረሰው ጉሮሯቸው ነው።

ሁለቱም መጀመሪያ ሳቁ። ቴክኒሻኑ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከዚያ ዓይኑን ጠረገ።

«ማን ይንገራቸው?» አለች ጭምቷ።

«ማን ምን ይላቸዋል? ‹ፕሮፌሰር፣ ያ የአእምሮዎ ክብደት ጩኸት ነው›? ኧረ ባክሽ! ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ።»

«ዝም ብለው እንዲያዩ ብቻ ብንጠይቃቸውስ?»

«ሠላሳ ዓመት አብሬያቸው ሠርቻለሁ፤ ‹አንድ ጊዜ ዝም ይበሉ› ያላቸው ሰው አላየሁም። ካለም አልሰሙትም፤ እያወሩ ነበር።»

ቴክኒሻኑ ምሥጢር ያዢ ቢሏት የማትይዘውን ጸሐፊዋን «ለማንም እንዳትናገሪ» አላት። ሳምንቱ ሳያልቅ ከአንድ ሰው በቀር ሕንፃው በሙሉ አወቀ። በሻይ ሰዓት ሰው አንዱ ሌላውን ቀና ብሎ ካየው «ኧረ ቀስ፣ ከበድከኝ!» ይባባላል። በመረጃ ካልሆነ አናምንም የሚሉ፣ አንዱ የሌላውን ስሌት ቅጠል በቅጠል የሚበጣጥሱ ሊቃውንት የሞሉበት ቤት ነው፤ አንድን ሽማግሌ «ድምፅዎን ትንሽ ዝቅ» ለማለት ግን ወንድ ጠፋ፣ ሴትም ጠፋች።

ጭምቷም ዝም አለች፤ የእሷ ዝምታ ደግሞ ምክንያት ተጨምሮበታል። ፕሮፌሰሩ ለፊርማው ቃል ገብተውላታል። የተመልካች ክብደት የሚል ጽሑፍ እየጻፉ ነው፤ የእሷ መመረቂያ ጽሑፍ የዚያ ማስረጃ ይሆናል፣ ምዕራፍ አራት ትንሽ ይቀየራል፣ መስመሮቿም «በቀላል ተመልካች ፊት የሚታዩ» ተብለው ይመዘገባሉ። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ አንዲት የታወቁ ፈታኝ ይጋበዛሉ፣ እሳቸው ፊት ይታያል፣ ይፈረማል፣ አለቀ።

«ይኼ ነገር ውሸት ነው፣ እትዬ» አለች ፀጉር ቤቱ ሲዘጋ።

«አንቺ ዋሸሽ?»

«አልዋሸሁም። ዝም ነው ያልኩት።»

«ታዲያ! በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም። ሰውየው ጮኸ አልጮኸ አንቺ ምን ቤት ነሽ? ተመረቂና ከዚያ ወዲያ እንደልብሽ ታወሪያለሽ።» እህቷ የወደቀ ፀጉር እየጠረገች ቆየችና «ለነገሩ ከዚያ ወዲያም አታወሪም፤ አውቅሻለሁ» አለች።

ፈታኟ እንግዳ የሚመጡበት ቀን ሲቃረብ ጭምቷን እንቅልፍ ነሳት። እኚህ ሴት የሰውን ሙከራ በሁለት ጥያቄ አፈር ድሜ በማብላት የሚታወቁ ናቸው። ገብተው አንድ ጊዜ ድምፁን ቢሰሙ፣ አንድ ጊዜ መስታወቱን ቢያዩ ነገሩ ይገባቸዋል፤ ያን ጊዜ የፕሮፌሰሩ ክብደትና የጭምቷ መስመር አብረው ገደል ይገባሉ። ለእውነት ስል ነው የማደርገው አለች ለራሷ። እውነቱን ለመናገር ግን ያደረገችው ፈርታ ነው። ቴክኒሻኑን ጠርታ ያንን ቀጭን እግር አስነቀለች፤ በምትኩ አጭርና ወፍራም የብረት እግር አስተከለች። ቴክኒሻኑ አጠገቡ ቆሞ እንደ ነጎድጓዱ ጮኸ፣ ጮኸ፣ ድምፁ ተዘጋ። መስመሮቹ ዝንፍ አላሉም። ለፕሮፌሰሩ ግን አልነገረቻቸውም። ብረት ማጠንከር አንደበት ከማጠንከር ይቀላል።

በቀኑ ፕሮፌሰሩ ጥቁር ልብሳቸውን ለብሰው መጡ። እንግዳዋ፣ ዲኑ፣ ቴክኒሻኑና ጭምቷ ቀድመው ገቡ፤ ፕሮፌሰሩ እንደ ልማዳቸው ኮሪደር ቆዩ። መስመሮቹ ወጡ። እንግዳዋ ጎንበስ ብለው አዩና «በጣም ጥርት ያለ ነው» አሉ። ከዚያ በሩ ተከፈተ።

«አሁን ተመልከቱ!» አሉ ፕሮፌሰሩ።

ሁሉም ተመለከተ። መስመሮቹ አሉ።

«ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል» አሉና ማስረዳት ጀመሩ። ስለ ክብደት አወሩ፣ ስለ አእምሮ አወሩ፣ ክንዳቸውን ዘርግተው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፤ በጠረጴዛው ላይ ያለው ብርጭቆ ውኃ ሲንቀጠቀጥ ጭምቷ አየች። መስመሮቹ ብሩህ፣ ጨለማ፣ ብሩህ፣ ጨለማ እንዳሉ ናቸው። ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አጠለቁ፣ ስክሪኑን አፍንጫቸው እስኪነካው ተጠግተው አፈጠጡ።

«ታዲያ የሚጠፋው የቱ ነው?» አሉ ዲኑ። በሹመት ዘመናቸው የጠየቁት የመጀመሪያ ጥያቄ ሳይሆን አይቀርም።

ፕሮፌሰሩ ዝም አሉ። ክፍሉ ውስጥ ያ ዝምታ አዲስ ነገር ነበር፤ የኮምፒውተሩ ማቀዝቀዣ ሲዞር ይሰማል። እንግዳዋ ጨዋ ሴት ናቸው፤ ምን ሊጠፋ ኖሯል ብለው አልጠየቁም። ጭምቷን ጨብጠው «ሥራሽ ንጹሕ ነው» አሏት፣ ከዲኑ ጋር ምሳ ወጡ። ቴክኒሻኑም ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ ተከተላቸው።

ፕሮፌሰሩ በርጩማው ላይ ተቀመጡ።

«ሄደ» አሉ። ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የአንድ ሰው ድምፅ ያህል ነበር።

«ምኑ፣ ፕሮፌሰር?»

«ክብደቱ። ባለፈው ወር ነበረኮ፣ አይተሻል። ዕድሜ ነው። ሰው ጉልበቱ ሲከዳው ይታወቀዋል፤ አእምሮው ሲከዳው ግን እንዲህ ቅንጣት ካልነገረችው ማን ይነግረዋል?» ከኪሳቸው እስክሪብቶ አወጡ። «እንግዲህ እኔም እንደ ዲኑ ሆኛለሁ። በይ ወረቀትሽን አምጪ። በዓይኔ አይቻለሁ፤ እፈርማለሁ። ከዚያ ለዲኑ ማመልከቻ እጽፋለሁ፤ ባዶ አእምሮ ይዞ ልጆች ፊት መቆም ነውር ነው።»

ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ጭምቷ የምትፈልገው ነገር በሙሉ እዚያ ጉልበት ላይ ነበር። አንድ ደቂቃ ዝም ብትል ያልቃል፤ ዝም ማለት ደግሞ ከማንም በላይ ትችልበታለች። ሰውየው አሳዘኗት፣ አንጀቷን በሏት።

«ፕሮፌሰር፣ አይፈርሙ» አለች።

ቀና አሉ።

«ድምፅዎ ነው። መስታወቱን የሚያንቀጠቅጠው ድምፅዎ ነበር። እግሩ ቀጭን ስለነበር ነው። ትናንት በወፍራም ቀይረነዋል። ሌላ ምንም የሄደ ነገር የለም።» ቀጥሎ ያለውን መዋጥ አቃታትና «የመጣም ነገር አልነበረም» አለች።

ፕሮፌሰሩ ጎንበስ ብለው የመስታወቱን እግር አዩ። ሞኝ አይደሉም፤ ነገሩን ለመረዳት ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር አላስፈለጋቸውም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»

«የፎቶ ኮፒ ሠራተኛውን ደረጃው ላይ ከገሠጹት ቀን ጀምሮ።»

«ያኔ ጽሑፌን ገና አልጀመርኩም ነበር» አሉ። «ቴክኒሻኑስ?»

«ያውቃል።»

«ጸሐፊዬ?»

«አዎ።»

«ዲኑ ግን አያውቅም።»

ጭምቷ ጫማዋን አየች። «ጥበቃው ነግሯቸዋል።»

ፕሮፌሰሩ ሊስቁ ፈልገው ተዉት። «ባለቤቴ» አሉ፣ «ነፍሷን ይማረውና፣ እኔ ማውራት ስጀምር ተነሥታ መስኮት ትዘጋ ነበር። የሚበርዳት ይመስለኝ ነበር። በበጋ ሳይቀር ይበርዳታል እያልኩ ለዘመድ ሁሉ አወራ ነበር።» እስክሪብቶውን ከደኑ። «ያን ያህል ነው እንዴ?»

«ግቢው በር ድረስ ይሰማል፣ ፕሮፌሰር።»

«እሺ።» ተነሡ። ወረቀቱን መልሰው ሰጧት። «ዛሬ አልፈርምም። ጽሑፍሽ ውስጥ የስህተት ምንጮች የሚል ክፍል አለ አይደል? የሙቀት ለውጥ፣ የካሜራ ጉድለት፣ ምናምን። እዚያ ላይ ‹የአማካሪው ድምፅ› ብለሽ ጻፊ። በግልጽ ጻፊው፣ እንዳታፍሪ። ቀጥለሽ ደግሞ ሁለተኛውን ጻፊ፤ ‹የተማሪዋ ዝምታ›። መስታወቱን የነቀነቅኩት እኔ ነኝ፤ ያንን የሞኝ ጽሑፍ ያስጻፈኝ ግን ድምፄ አይደለም። ሁላችሁም ስታዩኝ ነበር። ሁለቱንም ስትጽፊ አምጪው።»

በእርጋታ ወጡ፤ በሩንም በቀስታ ዘጉት።

የመጀመሪያውን ለመጻፍ አልተቸገረችም። የስህተት ምንጭ ሲጻፍ መጠኑም አብሮ ይጻፋል፤ ቴክኒሻኑን አስጩኻ፣ መስታወቱን ለክታ፣ ሰንጠረዥ ሠርታ አስገባችው። ሁለተኛው ላይ ስትደርስ ግን ጣቷ ታሰረ። «ተማሪዋ ምክንያቱን ካወቀች በኋላ ለአማካሪው አልተናገረችም» ብላ ጻፈች፣ ሰረዘች፣ መልሳ ጻፈች። መጠኑን በምን እንደምትለካው አላወቀችም። እንዲህ አፍራ አታውቅም፤ ሰው ሳያያት ብቻዋን ምድር ቤት ተቀምጣ ፊቷ ቀላ።

ቢሯቸው ወስዳ ሰጠቻቸው። አነበቡት።

«የሁለተኛው መጠንስ?»

«ልለካው አልቻልኩም።»

«አልታወቀም ብለሽ ጻፊ» አሉና ፈረሙ። ማመልከቻው ግን አልገባም፤ ማጅራታቸውን እያከኩ «አእምሮዬ ካልሄደ እኔ ለምን እሄዳለሁ» አሏት።

ጭምቷ የሕልም ያህል የጠበቀችውን ወረቀት በእጇ ይዛ፣ በማግስቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ በትልቁ አዳራሽ በኩል አለፈች። የፕሮፌሰሩ ክፍለ ጊዜ ነው፤ ድምፅ ግን የለም። ቀሩ እንዴ ብላ በሩን ገርበብ አደረገች። ሰሌዳው ፊት ቆመዋል። ያስተምራሉ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። አንድ ዓረፍተ ነገር ይሉና ይቆማሉ፤ የሆነ ነገር ተሰብሮ እንደሆነ ለማየት የተማሪዎቹን ፊት አንድ በአንድ ይመለከታሉ፤ ከዚያ ሌላ ዓረፍተ ነገር ይላሉ፣ ከፊተኛው ይበልጥ ዝቅ አድርገው። ኋላ የተቀመጡት ተማሪዎች እርስ በርስ ይተያያሉ። አንዱ ጎረቤቱን በክርኑ ነካው። ጎረቤቱ ትከሻውን ሰበቀ። ማንም እጁን አላወጣም፤ ሁሉም የገባው ሰው መስሎ ራሱን ይነቀንቃል።

ጭምቷ በሩን ይዛ ቆመች። 

«ፕሮፌሰር!» አለች። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ጮኸ፤ አዳራሹ በሙሉ ዞረ። «ከኋላ አይሰማም!»

ፕሮፌሰሩ ከመነጽራቸው በላይ አዩዋት። ጮክ ብለው የሚመልሱላት መስሏት ነበር፤ ፈልጋም ነበር።

«ካልተሰማ» አሉ በዚያው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ከኋላ ያላችሁ ወደ ፊት ኑ።»

ወንበር ተንኳኳ፣ ደብተር ወደቀ፣ ልጆቹ እየተጋፉ ወረዱ። ጭምቷም ወረቀቷን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወርዳ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ተቀመጠች።